የድሮ ላንድክሩዘር የፊት ፍሬን ከታምቡር ወደ ዲስክ ሲቀየር

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሀር ሲወረድ የ40 ሞዴል የታምቡር ፍሬን ይግላል፣ ውሃ ከነካው ደግሞ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። መፍትሔው የ60 ሞዴል የፊት ዲስክ ነው።

ሶማሌ ተራ ስትገዙ ዲስክና ካሊፐር (ፓዱን ይዞ ዲስኩን የሚጨብጠው) ብቻ አትውሰዱ፤ ከነናክሉ (ጎማው ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት ክፍል)፣ ከነመሐል አካሉ (ጎማው የሚታሰርበት) እና ከነውጭ አክስሉ ሙሉውን ውሰዱ። የአንዱ ክፍል ጥርስ ከሌላው ላይገጥም ይችላል። የድሮው ቸርኬ ካሊፐሩን እንዳይነካም ሳትከፍሉ ለኩ።

የመሐል አካሉን ኩሽኔታ አጥባችሁ በአዲስ ግራሶ ሙሉት። የኩሽኔታውን ዳዶ አጥብቁ፣ መሐል አካሉን ወዲያና ወዲህ አዙሩ፣ አላሉና እንደገና አጥብቁ። በጎማው ብሎን ላይ የስፕሪንግ ሚዛን አስራችሁ ስትጎትቱ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ላይ መንቀሳቀስ ከጀመረ ልክ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው) ላይ ነው። የታምቡሩ ማስተር በመስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት የምታስቀር ቫልቭ አለችው፤ ለፊት መስመር እሷ ካልወጣች ፓዱ ዲስኩን አይለቅም፣ ጎማው ይግላል። የዲስክ ማስተር መግጠሙ ይሻላል።

ካሊፐሩ ላይ የአየር ማውጫው ብሎን ወደ ላይ ይሁን። ግራና ቀኝ ከተቀያየረ ወደ ታች ይዞራል፤ የቱንም ያህል ብትረግጡ አየሩ አይወጣም። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት ጨምሩ፣ አየሩን ከማስተሩ ከሚርቀው የኋላ ቀኝ ጎማ ጀምራችሁ አውጡ። ተከፍቶ የከረመ ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ቁልቁለት ላይ ይፈላል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል።

መጀመሪያ ሜዳ ላይ በዝግታ ሞክሩት፤ ቁልቁለቱ ይቆይ።