ሲሠራ ይጥማል፣ ሲያድር ይመራል፦ የዝንጅብልና የሎሚ ጭማቂ ችግርና መፍትሄ

ዝንጅብል፣ እርድ፣ ሎሚና ማር። ጉንፋን የገባበት ቤት ሁሉ ይሄንን ይፈጫል። አጠባውንና አላላጡን ታውቁታላችሁ፤ በቀጥታ ወደ ብልሽቱ ልግባ።

በማግስቱ ይመራል

ሁሌ የምጠየቀው ይሄንን ነው። ሰው መጀመሪያ የሚወነጅለው እርዱን ነው፣ ቀጥሎ ዝንጅብሉን። ጥፋተኛው ግን ሎሚው ነው፦ ዘሩና ከልጣጩ ስር ያለው ነጩ ሽፋን። እነሱ ሲፈጩ መጀመሪያ የማይመር ነገር ይለቃሉ። እሱ በሎሚው አሲድ ውስጥ ሰዓታት ሲቆይ ሊሞኒን ወደሚባል መራራ ነገር ይቀየራል። ማታ ያሞገሳችሁት ጠዋት ፊት የሚያጨማድደው ለዚህ ነው። ማፍላት ደግሞ ያፋጥነዋል።

አንዲት ጎረቤቴ ከዘጌ የመጣ ሎሚ በዘንቢል ገዝታ፣ «ልጣጩ ነው ቫይታሚኑ» ብላ ከነዘሩ ፈጨችው። ሲመርባት ማር ጨመረች። አልለቀቀም። ደግማ ጨመረች። የጎጃም ማር፣ ያውም በዛሬ ዋጋ! መጨረሻ ላይ የተረፋት ጣፋጭ እሬት ነው። ሌላው ወዳጄ ዘሩን ለቅሞ አወጣና ልጣጩን ከዝንጅብሉ ጋር ግማሽ ሰዓት ቀቀለው። ያው ነው።

ካላመናችሁ ሎሚ ያለበትንና የሌለበትን በሁለት ብርጭቆ አሳድራችሁ ጠዋት ቅመሱ። እርድም ትንሽ ይመራል፤ የእሱ ግን ገና ሲፈጭ ይታወቃል።

የመረረውን መመለስ አይቻልም። ማራችሁን አታባክኑ። ለቀጣዩ ሎሚውን ቆርጣችሁ በእጅ ጭመቁ፤ እስኪደርቅ አትጠምዝዙት። በወንፊት አጥልሉ። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ የላስቲክ ወንፊት ጠርዙ ቶሎ ይላቀቅና ዘር ያሳልፋል፤ ከሱ ንጹህ ነጠላ ይሻላል። የልጣጩን ሽታ ከወደዳችሁ አረንጓዴውን ብቻ በስሱ ፋቁ። ሎሚውና ማሩ የሚገቡት ዝንጅብሉና እርዱ ፈልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ጠርሙሱ ይነፋል

በውሃ የቀጠነ ማር ይቦካል፤ ጠጅም የሚጣለው በዚሁ ነው። የባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት ላይ መብራት ከጠፋና ፍሪጁ ከሞቀ ጊዜ አይፈጅም። የብርጭቆ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታችሁ ጥርቅም አድርጋችሁ አትክደኑ። ይፈነዳል! ሃይላንድ ቢያንስ ሲያብጥ ይታያል። ትንሽ ትንሽ ሥሩ፣ ወይም በበረዶ መሥሪያው አጋግሩት። ሳታስቡት የቦካውን ድፉት፤ በተለይ ለልጅ አትስጡ።

ሌላ ሌላው

ታች ነጭ ዝቃጭ ካለ የዝንጅብሉ ስታርች ነው፤ ነቅንቁት። ነጭ ሽንኩርት ጨምራችሁ ወደ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከተቀየረ የአሲዱ ሥራ ነው፣ አይጎዳም። ብረት ብረት ካለ በአሉሚኒየም ድስት ውስጥ ሎሚ አሳድራችኋል። ሻጋታ ካያችሁ ላዩን ገፎ መጠጣት የለም።

ማር ያለበትን ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን በፍጹም አትስጡ። ለጠብታም ቢሆን። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ጨጓራ ያለበት በባዶ ሆዱ አይሞክረው። ከ2 ሳምንት በላይ የሚያስል ካለ ደግሞ ብሌንደሩን ትቶ ጤና ጣቢያ ይሂድ።