በአዳማ ሙቀትና ንፋስ ቡችሎችን በቤት ማሳደግ

ውሻ በቤት ውስጥ ስትወልድ የአሳዳጊው ሥራ ሁለት መልክ አለው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ቡችሎቹን የምታሳድገው እናታቸው ናትና የሰው ድርሻ እሷን በደንብ ማብላት፣ ማጠጣት፣ ከሚረብሻት ነገር መጠበቅና ሁሉን በንቃት መከታተል ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ሳምንታት ግን ሸክሙ ቀስ በቀስ ወደ ሰው ይዞራል፤ ቡችሎቹ ወደፊት ምን ዓይነት ውሾች እንደሚሆኑም በአብዛኛው የሚወሰነው በዚያን ጊዜ ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል፤ ዓይናቸው ያልተገለጠ ቡችሎች ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ይሰነብቱና ሰው በሚያስፈልጋቸው በስድስተኛው ሳምንት ጓሮ ውስጥ ይረሳሉ።

የውሻ እርግዝና በአማካይ 63 ቀናት ያህል ስለሚቆይ የመውለጃውን ቦታ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት አስቀድሞ ማዘጋጀትና እሷም እዚያ መተኛትን እንድትለምድ ማድረግ ይገባል። አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ቀን ቀን የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ማድ ቤት ወይም የጓሮ ዳስ እንደ ምድጃ ይግላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ በዙሪያዋ ባሉት ኮረብቶች ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የተተከሉለት ያ ንፋስ በበር ሥር ሳይቀር አቧራ ይዞ ይገባል። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ኮርኒስ ያለው የቤት ውስጥ ጥግ ነው። ሳጥኑ ከጣውላ ቢሠራ መልካም ነው፤ ትልቅና ጠንካራ ካርቶንም ያገለግላል። ዋናው ነገር እናቲቱ በጎኗ ተዘርግታ የምትተኛበት ስፋት እንዲኖረው፣ ጠርዙም እሷ የምትሻገረው ቡችሎቹ ግን የማይወጡት እንዲሆን ነው። በውስጠኛው ግድግዳ ዙሪያ፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ አንድ አግዳሚ እንጨት ቢመታበት እናቲቱ ስትጋደም ከኋላዋ የቀረ ቡችላ ከግድግዳው ጋር እንዳይጨፈለቅ ያደርጋል። ከሥር ጋዜጣ፣ ከላይ ንጹሕ አሮጌ አንሶላ ይነጠፍ። ሰጋቱራ አፍንጫቸው ውስጥ ስለሚገባ፣ ክሩ የተፈታ ጋቢም እግራቸውን ስለሚጠመጥም ባይነጠፉ ይመረጣል።

ምጥ ሲቃረብ የእናቲቱ የሰውነት ሙቀት ይቀንሳል፤ በፊንጢጣ ሲለካ ከ37 ዲግሪ ገደማ በታች ከወረደ ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ትወልዳለች። አብዛኞቹ ውሾች ያለ ሰው እርዳታ ስለሚወልዱ ጸጥ ብሎ ከሩቅ መጠበቅ ይበቃል። ይሁን እንጂ ግማሽ ሰዓት ያህል በኃይል እያማጠች ምንም ካልወጣ፣ በሆዷ ቡችላ እያለ በሁለት መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፈ፣ ወይም አንድም ሳይወለድ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ ሳይዘገዩ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል። እናቲቱ የቡችላውን ሽፋን ካልቀደደችለት በንጹሕ እጅ ቀዶ አፍና አፍንጫውን መጥረግ፣ ከዚያም ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ በደረቅ ፎጣ ማሸት ተገቢ ነው።

አሁን የምናገረው ከሁሉ ይልቅ የምጨነቅበት ጉዳይ ነው፤ እሱም ሙቀት ነው። አዲስ የተወለደ ቡችላ ብርድ ሲነካው መንቀጥቀጥ እንኳ ስለማይችል የሰውነቱን ሙቀት ራሱ አይጠብቅም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚተኛበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሊሆን ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ዝቅ እያለ ይሄዳል። በሚያዝያና በግንቦት የአዳማ ከሰዓት በኋላ ራሱ እዚያ ስለሚደርስ ተጨማሪ ማሞቂያ ማድረግ ጉዳት ነው፤ ያኔ የሚያስፈልገው ጥላና አየር ነው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ግን መብራት በማንኛውም ሰዓት ሊጠፋ ስለሚችል በአምፖል ብቻ መተማመን አይገባም። ሙቅ ውኃ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ በሳጥኑ አንድ ጎን ማስቀመጥና ሌላውን ጎን ነጻ መተው ቡችሎቹ የሚስማማቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ያስችላል። ቴርሞሜትር ባይኖር እንኳ አተኛኘታቸው ይናገራል፤ ተደራርበው የሚያለቅሱ በርዷቸዋል፤ ተራርቀው የሚያለከልኩ ሞቋቸዋል፤ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ጸጥ ያሉት ደኅና ናቸው። የቀዘቀዘ ቡችላ አንጀቱ ስለማይሠራ ወተት ሊሰጠው ፈጽሞ አይገባም፤ መጀመሪያ በሰው ደረት ላይ ታቅፎ ቀስ በቀስ ይሙቅ፤ መጥባት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

እያንዳንዱ ቡችላ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ቢዘገይ በመጀመሪያው ቀን፣ እንገሩን መጥባት አለበት፤ ከበሽታ የሚጠብቀውን አቅም በአብዛኛው የሚያገኘው ከዚያ ነው። ማን እንደጠባና ማን እንደቀረ ለማወቅ በወጥ ቤት ሚዛን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መመዘንና በደብተር መጻፍን የሚተካ ዘዴ የለም። ለመለየት አንገታቸው ላይ ክር ከማሰር ይልቅ ጥፍራቸውን በተለያየ የጥፍር ቀለም መቀባት ይሻላል። ጤነኛ ቡችላ በ10 ቀን ገደማ ክብደቱን እጥፍ ያደርጋል፤ ክብደቱ ያልጨመረ ወይም የቀነሰ ካለ ወተት ወደሚበዛባቸው ወደ ኋለኞቹ ጡቶች መምራትና ጠንካራዎቹን ለጥቂት ጊዜ ማራቅ ይረዳል። እናት የሌለው ቡችላ ካለ ደግሞ የላም ወተት ብቻውን አይበቃውም፤ የውሻ ወተት በስብና በፕሮቲን ከላም ወተት እጅግ ይበልጣል። ለቡችላ ተብሎ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት መፈለግ፣ ከታጣም ምትኩን ሐኪም መጠየቅ ይገባል። በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ በሆዱ ተኝቶ ይጠባ፤ እንደ ሕፃን በጀርባው ከታቀፈ ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል። በጠባ ቁጥርም ሽንትና ሰገራ እንዲወጣለት እናቱ በምላሷ የምታደርገውን በሞቀ እርጥብ ጨርቅ መተካት ግድ ነው።

አራሷ በሦስተኛው ሳምንት ከወትሮዋ ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ትበላለች፤ ውኃም ከአጠገቧ ሊጠፋ አይገባም። ጡቷ ካበጠ፣ ከጋለና ከደነደነ፣ ወይም ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ እግሯ ከገተረ ያው ዕለት መታከም አለባት፤ ሁለተኛው የካልሲየም እጥረት ምልክት ሲሆን በሰዓታት ውስጥ ሊገድላት ይችላል።

ከሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ጀምሮ ምግብ ማስለመድ ይቻላል። ያለ ጨው የተቀቀለ ክንጬ፣ ተፈጭቶ የበሰለ ሥጋና የተቀቀለ እንቁላል በሞቀ ውኃ ቀጥኖ በጠፍጣፋ ሳህን ይቅረብ፤ በሳምንታት ውስጥም እየወፈረ ይሂድ። ሐኪም የሚስማማበት የቡችላ ደረቅ ምግብ መግዛት የሚችል ሰው እሱን በውኃ አለስልሶ ቢሰጥ የተሟላ ይሆናል። የወጥ ትራፊ ግን ለቡችላ አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስሉም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። የበሰለ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይበሳል። በበዓል ሰሞን በግ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ የመወርወር ልማድ በተለይ መቅረት አለበት። ውኃ በቋጠረው ከረጢት ውስጥ ያለው በውሻው አንጀት ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ወጥቶ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። እንዲህ ያለው ክፍል ይቀበር ወይም ይቃጠል።

ቡችሎች ወስፋትን ከእናታቸው ማሕፀንና ወተት ስለሚወርሱ ትል ያልታየበት ቡችላም መድኃኒት ያስፈልገዋል። በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ሳምንታቸው፣ እንደ ክብደታቸው በሐኪም ተመጥኖ ይሰጣቸዋል፤ እናቲቱም አብራ ትወስዳለች። በሞቃት አገር ቁንጫና መዥገር ስለሚበዙ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ መልቀምና ምንጣፉን በፈላ ውኃ አጥቦ ፀሐይ ማስመታት ያስፈልጋል፤ ለከብት የሚረጨውን መድኃኒት ቡችላ ላይ መርጨት ግን ሊገድለው ይችላል። ፓርቮና ዲስቴምፐር የተባሉት ቡችላን የሚገድሉ የቫይረስ በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ 16 ሳምንት እስኪሞላቸው በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ይደገማል። በከተማው ክሊኒክ ለማይመለስ ከባድ ነገር ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ፓርቮ በአፈር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ ክትባታቸው ያላለቀ ቡችሎችን የባዘኑ ውሾች በሚውሉበት መንገድ ማውረድ አይገባም፤ ከውጭ የመጣ ሰውም ጫማውን አውልቆ ይግባ፤ ወለሉም በውኃ በተቀጠነ በረኪና ይታጠብ።

ይህ ማለት ግን ከዓለም ተደብቀው ይደጉ ማለት አይደለም። ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ያዩትንና የሰሙትን ነገር እንደ ተራ ነገር ይቀበሉታል፤ ያላዩትን ኋላ ይፈሩታል፤ የፈራ ውሻም ይናከሳል። ስለዚህ በየዕለቱ በተለያየ ሰው እጅ ይታቀፉ፤ የባጃጅ ድምፅ፣ የመጥረጊያ ኮሽታ፣ የልጆች ጫጫታ ይስሙ፤ ጆሮና መዳፋቸው ይነካካ። ልጆች ተቀምጠው እንጂ ቆመው አይያዟቸው። እርስ በርስ ሲጫወቱ የሚናከሱትም የንክሻቸውን ኃይል መመጠን እየተማሩ ስለሆነ ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናትና ከወንድሞቻቸው መለየት ጉዳት ነው፤ ጎረቤት ቢቸኩልም መጠበቅ አለበት።

ተረካቢ መፈለግ የሚጀመረው ቡችሎቹ ሲወለዱ ነው፤ በተለይ ለሴቶቹ። ሰው ሁሉ ወንድ ቡችላ ስለሚጠይቅ ሴት ቡችሎች በማዳበሪያ ተይዘው መንገድ ዳር ይጣላሉ፤ ይህ ጭካኔ ከመሆኑም በላይ በየሰፈሩ የሚባዝነውን ውሻ ያበዛል። ሴት ውሻ ቤት በመጠበቅ ከወንድ አታንስም፤ ማምከንም በሐኪም የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ነው። ሲረከቡ የበሉትን ምግብ የሳምንት ያህል አብሮ መስጠት ሆዳቸው እንዳይረበሽ ይረዳል፤ በወረቀትም የትል መድኃኒት የወሰዱበትን ቀን፣ የቀጣዩን ክትባት ቀንና ሦስት ወር ሲሞላቸው የሚሰጠውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጽፎ ማስረከብ፣ ወሩ ሲደርስም ደውሎ መከተባቸውን መጠየቅ ይገባል።