የሲልክስ ተረቶችን ለልጆች ስንነግር የምናበላሻቸው ነገሮች

ይህን የምጽፈው ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ በኦካናገን ሸለቆ ከሕፃናት ጋር ለምትሠሩ ወገኖች ነው። የአገሩ ባለቤቶች የሲልክስ ሕዝብ ናቸው። ተረቶቻቸውን ለልጆች መንገራችሁ ደግ ነገር ነው፤ አነጋገሩ ላይ ግን ደጋግሜ የማያቸው ጥፋቶች አሉ።

ዋነኛው፣ ተረቱ እንዳለቀ «ልጆች፣ ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ማለት ነው። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል! አባባ ተስፋዬን እያየን ያደግን ሰዎች ምክር የሌለው ተረት ጎደሎ ይመስለናል፤ ይገባኛል። ሲልክሶች ቻፕቲክውል የሚሏቸው ትረካዎች ግን ልጁ ይዟቸው እንዲያድግ የሚነገሩ ናቸው። በአምስት ዓመቱ የሳቀበትን ጎረምሳ ሲሆን ያፍርበታል፣ ልጅ ሲወልድ ደግሞ ሌላ ነገር ያይበታል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስለ ሰንክሊፕ፣ ማለትም ስለ ካዮቲው (ቀበሮ ስለሚመስለው የዱር እንስሳ)፣ ተርካ እንደጨረሰች «አያችሁ፣ ስስት መጥፎ ነው» አለች። አንዱ ትንሽ ልጅ «ታዲያ ለምን ሳልሞኑን አመጣላቸው?» አላት። ልጁ ገብቶታል። ምክሩ ባይመጣ ኖሮ ሁላችንም ስለ ጥያቄው ባሰብን ነበር።

ሰንክሊፕን ክፉ ወይም ቀልደኛ ብቻ አድርጎ ማቅረብም ከዚያው ይመጣል። ኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ዓሣውን ያገደውን ግድብ ሰብሮ ሳልሞን ወደ ላይ እንዲወጣ ያደረገው እሱ ነው። ሚስት ጠይቆ እምቢ ባሉት በሲሚልካሚን ወንዝ ግን ፏፏቴ ተክሎ ዓሣውን የከለከለውም እሱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ተዉአቸው።

ሰዓት ለመቆጠብ ዝንቧን መዝለል፦ ይህ እንኳ ያስቀኛል። ሰው ከመምጣቱ በፊት አራቱ የምግብ አለቆች፣ ጥቁሩ ድብ፣ ሳልሞን፣ ቢተርሩት የተባለው ሥርና ሳስካቱን ቤሪ የተባለው የዱር ፍሬ፣ የሚመጡት ሰዎች ምን እንደሚበሉ ይመክራሉ። ድቡ ምግብ ሊሆናቸው ራሱን ሰጥቶ ይሞታል። ፍጥረቱ ሁሉ ሊያስነሳው ይዘምራል፤ በመጨረሻ በዝንብ መዝሙር ይነሳል። ዝንቧን ካወጣችኋት የትንሹ ሁሉ ድምፅ ቀረ ማለት ነው። ደግሞም ምግቡን አሳዩዋቸው። ቢተርሩት ሳያብብ በፀደይ ይቆፈራል፤ ቅርፊቱ በጣት ይላጣል፤ ውስጡ ያለችው ቀይ ልብ ካልወጣች በጣም ይመራል። ያንን ልብ በጥፍሩ ያወጣ ልጅ ተረቱን አይረሳም።

የኦካናገን ሐይቅን መንፈስ አስፈሪ አውሬ ማድረግ። ንሃአይትክ ለሲልክሶች የሐይቁ መንፈስ ነው፤ ትምባሆና ሴጅ የተባለውን ሽታማ ቅጠል ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ ነው ኦጎፖጎ የሚባል የቱሪስት አውሬ የተደረገው። የቨርነን ከተማ የስሙን የቅጂ መብት ከ1956 ጀምሮ ይዞ ቆይቶ፣ በ2021 ለሲልክሶች ማኅበረሰቦች ኅብረት ለኦካናገን ኔሽን አሊያንስ እንዲያስተላልፍ ምክር ቤቱ ወሰነ። የኦጎፖጎን አሻንጉሊት ይዛችሁ «እንዳይበላህ!» ስትሉ ይህን አስቡ።

በበጋ አትተርኩ፤ ወቅቱ ክረምት ነው፣ በረዶው ሲወርድ።

«ድሮ ድሮ የነበሩ ሕዝቦች» አትበሉ። በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ግራንድ ኩሊ ግድብ ሲሠራ፣ በ1942 ሳያልቅ ገና፣ ሳልሞኑ ወደ ላይኛው ኮሎምቢያ መውጣት አቆመ። ግድብ ስለሰበረው ሰንክሊፕ ዛሬ የሚያወሩ አያቶች ስለ ሩቅ ዘመን ብቻ እያወሩ አይደለም።

ስትነግሩ ከማን እንደሰማችሁ ተናገሩ። መጽሐፍ ስትገዙ ደግሞ ሲልክሶች ራሳቸው ያዘጋጁትን ፈልጉ፤ ፔንቲክተን ከተማ አጠገብ ያለው ቴይተስ ማተሚያ ቤት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለልጆች አሳትሟል። ተረቱን በአማርኛ ልታሳትሙ ካሰባችሁ እዚያው ፔንቲክተን ወዳለው የሲልክሶች የባህልና የትምህርት ተቋም፣ ኤንአውኪን ማዕከል፣ ሄዳችሁ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።