ቡችላዬ በገመድ አልሄድም አለ፣ ምን ላርግ? ችግርና መፍትሄ

ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሁኑ ወልዲያ፣ ቡችላ አምጥታችሁ "ገመድ ሳስርለት መሬት ላይ ይለጠፋል፣ ምን ላርገው" ለምትሉ ሁሉ ነው ይሄን ምጽፈው። አብሽሩ፣ ሚስተካከል ነገር ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። እኛ ጋ ገመድ ማለት ውሻውን ቀን ቀን በር ላይ አስሮ ማታ ለሌባና ለጅብ መፍታት ነው፣ ስለዚ ቡችላው ገመድን ሚተዋወቀው እንዲ ነው፣ አንገቱ ላይ ትገባለች፣ ከግንድ ጋ ትታሰራለች፣ ከዛ ሰው ጥሎት ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ ያቺኑ ገመድ ፈተን "ና ቡቺ እንውጣ" ስንለው ቁጭ ይላል። እልኸኛ ሆኖ አይደለም፣ ገመድ ሲያይ ብቻዬን ልቀር ነው ብሎ ነው ሚያስበው። ከታች ከምጽፋቸው ችግሮች ብዙዎቹ ከዚች ነው ሚመጡት። ስለዚ ማሰሪያውና መሄጃው ይለያይ። ማሰር ግድ ከሆነባችሁ (ጥበቃ ለሚፈልግ ግቢ ይገባኛል) በሌላ ነገር እሰሩ፣ ለእግር ጉዞ ምትይዙት ገመድ ግን ሁሌ ጫፉ ላይ ሰው ያለበት ይሁን።

ስለ እቃው ብዙ አትጨነቁ። ቀላል ገመድ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር፣ በቃ። ሰንሰለት ለቡችላ አይሆንም፣ ይከብደዋል፣ ሲወዛወዝ ፊቱን ይመታዋል። የተዘጋጀ ካጣችሁ የአሮጌ ቦርሳ ማንገቻ ከነመንጠቆው አሪፍ ነው፣ ሰፊ ስለሆነ እጅም አይቆርጥም። ሸምቀቆ ሆኖ ሚጠብቅ ገመድ ግን በፍጹም አንገቱ ላይ እንዳታስገቡ። የቡችላ ጉሮሮ ገና ለስላሳ ነው፣ ሲጎትት ሳል ሳል ካለው ጉሮሮው እየተጫነ ነው ማለት ነው፣ ለሱ ደረቱና ጀርባው ላይ ሚታሰረው ሃርነስ ይሻላል።

ቀበቶው ሲደረግለት ያካል፣ ይንከባለላል

አዲስ ነገር ስለሆነ ነው፣ ይሄ ትንሹ ችግር ነው። ምግብ ስታቀርቡለት የአንገት ቀበቶውን አርጉለት፣ በልቶ ትንሽ ከተጫወተ በኋላ አውልቁ። እያከከ እያለ አታውልቁት፣ ካወለቃችሁለት "ሳክ ይፈቱኛል" ብሎ ይይዛታል፣ መጀመሪያ በጨዋታ ሀሳቡን አስቀይሩት። ሁለት ጣት በቀበቶውና በአንገቱ መሀል በቀላሉ መግባት አለበት። ስምንት ሳምንት ገደማ ላይ ቤት ውስጥ መጀመር ይቻላል።

ገመዱ ሲያዝ ቁጭ ይላል፣ ወይ ወደ ኋላ ይጎትታል

ሰው ሁሉ ሚያማርረው ይሄን ነው። ሰኞ ገበያ የገዛውን በግ እየጎተተ ሚወስድ ሰው አይታችሁ ከሆነ በጉ አራቱንም እግሩን ተክሎ ወደ ኋላ ነው ሚለው፣ ባለቤቱ በጎተተ ቁጥር እሱም ይብሳል። ቡችላም እንደዛው ነው፣ አንገቱ ወደ ፊት ሲሳብ ሰውነቱ ሳያስበው ወደ ኋላ ይገፋል። እናንተ "እምቢ አለኝ" ብላችሁ ስትጨምሩ እሱም ይጨምራል፣ መጨረሻ ላይ በሆዱ እየተጎተተ ሲሄድ ታያላችሁ፣ እባካችሁ እዛ ድረስ አታድርሱት፣ አንዴ እንዲ ከተጎተተ ፍርሀቱን ለማስለቀቅ ብዙ ጊዜ ነው ሚፈጀው።

መፍትሄው ከግቢ ይጀምራል። ገመዱን አስራችሁ መሬት ላይ ልቀቁት፣ እየጎተታት ይዙር፣ እናንተ እዛው ሁናችሁ እዩት ምክንያቱም የሆነ እቃ ላይ ተጠላልፎ ከደነገጠ ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ሁለት ቀን እንዲ ካረገና ገመዷን ከረሳት ጫፏን ያዙ፣ ግን አትሳቡ፣ እሱ በሄደበት ተከተሉት። ቀጥሎ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ቁጢጥ በሉ፣ ፊት ለፊት አፍጥጣችሁ ሳይሆን ጎን ሰጥታችሁ፣ በስሙ ጥሩት። አንድ እርምጃ ወደናንተ ሲመጣና ገመዱ ሲላላ ወዲያው "ጎበዝ!" በሉና ሚበላ ስጡት። ቃሏ ሁሌ አንድ ትሁን፣ ዛሬ ጎበዝ ነገ አንበሳ አትበሉት፣ ቃሏን ሲሰማ ምግብ መጣ እንዲል ነው ምንፈልገው። ገመድ ሲላላ ጥሩ ነገር ይመጣል፣ ሚማረው ይሄን ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚ ነው ሚቀጥለው።

መሀል ላይ ከቆመባችሁም አትጎትቱ፣ አስሬም ስሙን አትጥሩ፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁት። ካልተነሳ ወደ ጎን አንድ ሁለት እርምጃ ሂዱ፣ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት እምቢ ያለ ቡችላ ወደ ጎን ሲሆን ይነሳል።

ሚበላውን ነገር በተመለከተ፣ የተቀቀለ ጉበት ሽምብራ በሚያክል ተቆርጦ፣ ከሱ ሚበልጥ የለም፣ የተቀቀለ እንቁላልም አሪፍ ነው። ጾም ሆኖ ቤት ውስጥ የፍስክ ነገር ከሌለ ዳቦ ወይ የተቀቀለ ስኳር ድንች ይሆናል። የወጥና የጥብስ ትራፊ ግን አይሰጥም፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ ደሙን ይጎዳዋል፣ ነጭ ሽንኩርትም እንደዛው። ልምምዱ ደሞ ምግብ ከመብላቱ በፊት ይሁን፣ ጠግቦ ዳቦ ምን ሊያረግለት።

ግቢ ውስጥ ደህና ነው፣ ከበር አልወጣም ይላል

ምልክቱን በደንብ እዩት፣ ሲወጣ እየተጎተተ፣ ሲመለስ ግን እየሮጠ ከሆነ ነገሩ ገመዱ አይደለም፣ ውጪውን ፈርቶ ነው። በሩ ጋ የሰፈር ውሾች ሽታ አለ፣ ድምጽ አለ፣ እሱ ደሞ ሚያውቀው ግቢውን ብቻ ነው። እዚ ጋ ቆንጆ ዘዴ አለች፣ ክትባቱን የጨረሰ ከሆነ ቡችላውን አቅፋችሁ ሀምሳ ሜትር ያህል ራቅ በሉና አውርዱት፣ ወደ ቤት ስለሆነ ራሱ ቀድሞ ይሄዳል፣ እናንተ መንገድ ላይ "ጎበዝ" እያላችሁ ትሸልሙታላችሁ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ራቅ ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ደሞ በሩን ከፍታችሁ ደፉ ላይ አብራችሁ ቁጭ በሉ፣ መንገዱን ይይ፣ የትም አትሂዱ።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ጠዋት ጉሙና ብርዱ ትንሽ ቡችላን ያንቀጠቅጠዋል፣ ፀሀይ ወጣ ስትል አውጡት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ትራቅ እንጂ ከደሴ ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት፣ እዛ ከ3 ሰዓት በፊት ጨርሱ፣ አስፋልቱ እግሩን ያቃጥለዋል። የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አምስት ሰከንድ አስቀምጡ፣ እናንተ ካልቻላችሁት እሱም አይችለውም። "እምቢ ብሎ ተቀመጠ" ከሚባሉት ውስጥ መዳፉ እየነደደ የተቀመጠ አለ እኮ።

ገመዱን ይነክሳል፣ ያኝካል

የወተት ጥርሱ ከሶስት አራት ወር ጀምሮ እየወለቀ ስድስት ሰባት ወር ድረስ በአዲስ ይተካል፣ ድዱ ስለሚያሳክከው ያገኘውን ሁሉ ነው ሚያኝከው። ሌላው ምክንያት ጨዋታ ነው፣ እናንተ ገመዱን ስትመነጭቁበት ጉተታ ጨዋታ ጀመራችሁለት ማለት ነው፣ በደስታ ነው ሚቀጥለው። ገመዱን አላሉትና ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ሲለቅ ሸልሙና ሂዱ። ከመውጣታችሁ በፊት አስር ደቂቃ ግቢ ውስጥ ካጫወታችሁት ነገሩ በጣም ይቀንሳል፣ ሚያኝከው የራሱ ጨርቅ ወይ ቋጠሮ ይኑረው። ገመዱን በርበሬ ቀቡት ሚል ምክር ይዞራል፣ እኔ አልስማማም፣ በርበሬው አይኑና አፍንጫው ውስጥ ነው ሚገባው፣ ስቃይ ነው፣ ከዛ በኋላ ገመድ ባየ ቁጥር ሚሸሽ ውሻ ነው ሚኖራችሁ።

ይጎትታል፣ እጄን ሊገነጥል ነው

ይሄ ከአራት ወር በላይ ላሉት ነው በብዛት። ሚጎትተው መጎተት ስለሚያዋጣው ነው፣ ግንድ ሊያሸት ፈለገ፣ ጎተተ፣ እናንተ ተከተላችሁት፣ ደረሰ። ለሱ ትምህርቱ እዛ ጋ አለቀ። ስለዚ ገመዱ በተወጠረ ቁጥር ጉዞው ይቆማል፣ በላላ ቁጥር ይቀጥላል፣ ህጉ ይቺው ናት። ሲወጠር ቀጥ በሉ፣ አትናገሩ፣ ወደ ኋላም አትመንጭቁት፣ ዞር ብሎ ሲያያችሁ ወይ አንድ እርምጃ ሲመለስ ገመዱ ይላላል፣ "ጎበዝ"፣ እግራችሁ ስር ሸልሙት፣ ቀጥሉ። እግራችሁ ስር ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ ራቅ አርጋችሁ ከሰጣችሁት ራቅ ብሎ መሄድ ነው ሚማረው። ቆማችሁም ካልሰራ ዞራችሁ በመጣችሁበት ሂዱ፣ ሚሄድበትን ምትወስኑት እናንተ መሆናችሁ ቶሎ ይገባዋል።

የመጀመሪያ ቀናት አንድ መቶ ሜትር ላትሄዱ ትችላላችሁ፣ ይሁን፣ አምስት ደቂቃ በቂ ነው፣ በቀን ሁለት ሶስቴ። ማሽተት አትከልክሉት፣ ለውሻ ማሽተት ከጉበት ያልተናነሰ ሽልማት ነው፣ ግን ገመዱን አላልቶ ሲሄድ "ሂድ አሽት" ተብሎ ይሁን። ደሴ ደሞ ያው ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ ቁልቁለት ላይ ውሻ ሁሉ ይጎትታል፣ ልምምዱን ሜዳ ሜዳው ላይ ጀምሩትና ቁልቁለቱ በኋላ ይምጣ። ከሁሉ ሚያበላሸው ግን ቤተሰብ አለመስማማቱ ነው፣ እናንተ ጠዋት ስታቆሙት ታናሽ ወንድማችሁ ማታ አብሮት ሚሮጥ ከሆነ አንድ ወርም ብትደክሙ ለውጥ አታዩም። ቁጭ አርጋችሁ አስረዷቸው፣ ወይ ገመዱን አንድ ሰው ብቻ ይያዝ።

ባጃጅ ሲያይ ይበረግጋል፣ ወይ ይጮህበታል

ቡችላ ከሶስተኛ ሳምንቱ እስከ አስራ አራተኛው ገደማ ያየውን ነገር "ይሄ ደህና ነው" ብሎ ይቀበላል፣ ከዛ በኋላ አዲስ ነገር ሁሉ ያስፈራዋል። ጊዜው ካለፈበት መማር አይችልም ማለት አይደለም፣ ቀስ ማለት ያስፈልጋል። ፒያሳ ይዛችሁት አትውጡ፣ የባቲ ሰኞ ገበያ ከነግመሉማ ጭራሽ አይታሰብም። ባጃጁን በሩቁ ሚያይበት ቦታ ቁሙና ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አንድ ጉበት፣ ካለፈ በኋላ ምንም። መለኪያው ይሄ ነው፣ ምግቡን ከበላ ርቀቱ ልክ ነው፣ ምግብ እምቢ ካለ ቀርባችኋል፣ ወደ ኋላ ራቁ።

ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላን የማያውቃቸው ውሾች በሚውሉበት መሬት ላይ አታሳርፉት፣ ፓርቮ ሚባለው በሽታ ከአፈሩ ሳይቀር ይይዛል፣ ቡችላን በጥቂት ቀን ይገላል። ግን አቅፋችሁት መንገዱን ማሳየት ትችላላችሁ፣ ያም ትምህርት ነው።

የሰፈር ልጆች ድንጋይ ይወረውሩበት ከነበረ ልጅ ባየ ቁጥር ገመዱን ይዞ ይሸሻል። ልጆቹን አትቆጧቸው፣ ጥሯቸው፣ "ማሙሽ ና እስቲ ይቺን ዳቦ ወርውርለት" በሉት፣ ከሩቅ ይወርውር፣ በሳምንት ውስጥ ያው ልጅ ጠባቂው ነው ሚሆነው።

ሰው ላይ ይዘላል

ሰላምታ ነው ለሱ። ግን እኛ ሀገር ለሶላት ውዱእ አርገው ሚሄዱ አባት አሉ፣ ነጠላ ለብሰው ቤተክርስቲያን ሚሄዱ እናት አሉ፣ ውሻ እንዲነካቸው አይፈልጉም፣ ሀቃቸው ነው። ሰው ሲመጣ ገመዱን አሳጥራችሁ ያዙ፣ እናንተ በሰውዬውና በውሻው መሀል ሁኑ፣ እናንተን እያየ አራት እግሩ መሬት ላይ እንዳለ ሸልሙት። ጠባብ መንገድ ከሆነ ቀድማችሁ ጥግ ያዙና አሳልፏቸው። ሰፈሩ ውሻችሁን ሚወደው እንዲ ስታረጉ ነው።

ከመሬት እያነሳ ይበላል

የዶሮ አጥንት፣ ፌስታል፣ የጫት ገራባ፣ ሁሉም አደገኛ ነው፣ ጫቱ ልቡን ያስሮጠዋል። አፉን በግድ ከፍታችሁ ከምትነጥቁት ጉበት አሳይታችሁ አስጥሉት፣ ከነጠቃችሁት ቀጣዩን ቶሎ መዋጥ ይማራል።

ደህና ሲሄድ የነበረው በድንገት እምቢ አለ

መጀመሪያ ቀበቶውን እዩ። ቡችላ በሳምንት ነው ሚያድገው፣ ቀበቶው ግን አያድግም፣ አንገቱ ላይ ጠብቦ ፀጉሩን ገልጦ ቆዳው ውስጥ ሚገባበት ጊዜ አለ። ቀጥሎ መዳፉን ገልብጣችሁ ጣቶቹ መሀል እዩ፣ የቁልቋል እሾህ ወይ መዥገር ሊኖር ይችላል። ሚያነክስ፣ ሚያስል፣ ምግብ እምቢ ያለ ከሆነ ልምምዱን አቁማችሁ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሶስት ወር ሲሞላው ይሰጠዋል፣ ከዛም በጊዜው ይደገማል። ያልተከተበ ውሻ ጸባዩ ድንገት ተቀይሮ ለሃጩ ከተዝረከረከ ወይ መዋጥ ካቃተው አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳታስገቡ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሰው ከነከሰ ወይ ከቧጨረ ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በውሃና በሳሙና አጥባችሁ የዛኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። እሾህ ብቻ ሆኖ ከተገኘ ግን ነቅላችሁ ቁስሉ እስኪድን አሳርፉት፣ ሲድን ቀጥታ መንገድ ላይ ሳይሆን ሁለት ሶስት ቀን ግቢ ውስጥ በላላ ገመድ ጀምሩለት።