«ደሜ ስንት ነው?»፦ የሄማቶክሪት ቁጥር ሲወርድ፣ ሲወጣና ሲያሳስት

ከኩታበር የመጡ እናት ውጤታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውታል። ፈተው አሳዩኝ። «ልጄ፣ የኔ ደም 36 ነው፤ የጎረቤቴ 12 ነው አሉ። እሷ እንዴት በሕይወት አለች?» አሉኝ። ከልባቸው ተጨንቀዋል። ደሴ ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። የሁለቱ ሴቶች ደም እኩል ነው። 12 የሄሞግሎቢን (በቀይ ሴሎች ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) ቁጥር ነው፣ 36 የሄማቶክሪት። የመጀመሪያውን በሦስት ስታበዙት ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ላይ ትደርሳላችሁ። ስለዚህ ወረቀት ከማወዳደር በፊት የትኛው ቁጥር እንደሆነ እዩ።

ሄማቶክሪት ከደማችን ውስጥ ቀይ ሴሎች የያዙት ድርሻ ነው፣ በመቶኛ። ሲሠራ ብታዩት ወዲያው ይገባችኋል። ደሙ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ጫፍ ይደፈናል። ማሽኑ በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ለ5 ደቂቃ ያህል ያሽከረክረዋል። ሲወጣ ደሙ ተለያይቷል። ጠላ አድሮ አተላው እንደሚዘቅጠው፣ ቀዩ ከታች ተኝቷል። መሐል ላይ ክር የምታህል ነጭ መስመር አለች። ከላይ የገለባ ቀለም ያለው ውሃ ይታያል። የቀዩን ቁመት ከጠቅላላው አንጻር መለካት ነው። በአዋቂ ወንድ በግምት ከ40 እስከ 50፣ በሴት ከ36 እስከ 46 ይሆናል።

እንግዲህ ነገሩ ድርሻ ነው። ውሃው ሲጎድል ሴሎቹ ሳይጨምሩ ቁጥሩ ይወጣል። ውሃው ሲበዛ ሴሎቹ ሳይቀንሱ ይወርዳል። እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማስበው የውሃውን ነገር ነው።

ዳገት ስወጣ ልቤ ይደልቃል፣ ዓይኔ ይጨልማል፤ ቁጥሩም ዝቅ ብሏል

ይህ ደም ማነስ ነው። ግን ደም ማነስ ምልክት እንጂ የበሽታው ስም አይደለም። የወር አበባዋ የሚበዛባት ሴት አይረን (ደም የሚሠራበት የብረት ንጥረ ነገር) ጎድሏት ይሆናል። ከሚሴ፣ ባቲ ወይም ቆቦ ቆላ ሠርቶ የተመለሰ ሰው ወባ ሊኖርበት ይችላል፤ ወባ ቀይ ሴሎችን ያፈርሳል። በባዶ እግሩ እርሻ የሚውል ሰው የመንጠቆ ትል ሊይዘው ይችላል። የጨጓራ ቁስል በዝግታ ያደማል። የኩላሊት ሕመም፣ ቲቢና ኤችአይቪም ደም ያሳንሳሉ፤ እነዚህ ካሉ የአይረን ክኒን ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ክኒን ገዝቶ ከመዋጥ በፊት «ከምን መጣ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁት። በተለይ ትልቅ ሰው፣ ወንድ ሆኖ አይረን ከጎደለው፣ የሚደማው ቦታ ይፈለግለት።

ቀይ ሥር እና ቀይ ለስላሳ መጠጥ ደም ይሆናል የሚባለው ቀለሙን አይቶ ነው። አይረኑ ያለው ጉበት፣ ሥጋ፣ ምስር እና ጎመን ውስጥ ነው። ምስርና ጎመኑ ላይ ሎሚ ጨምቁበት፤ አይረኑ በደንብ ይመጠጣል።

ክኒኑን እየወሰድኩ ቁጥሩ አልጨምር አለ

ከምን ጋር ነው የምትወስዱት? ቁርስ ተበልቶ ክኒኑ ይዋጣል፤ ረከቦቱ ወዲያው ይቀርባል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡናና ሻይ አይረኑን አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። ቡናውን ተዉ አልልም፤ ጎረቤት የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ክኒኑን ግን ከቡና ቢያንስ በሁለት ሰዓት አርቁት። ለብዙዎች ማታ፣ ከመኝታ በፊት ይቀላል።

ሰገራ መጥቆሩ ከክኒኑ ነው፣ አትደንግጡ። ክኒን ሳትወስዱ እንደ ሬንጅ ከጠቆረና ከለሰለሰ ግን ደም ነው፤ ዛሬውኑ ታዩ። ደግሞ ቁጥሩ ስለተስተካከለ ክኒኑን አታቁሙ። የሰውነት የአይረን ጎተራ እስኪሞላ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ያህል ይቀጠላል።

ደም ብዛት ስላለብኝ የደም ማነስ ክኒን እፈራለሁ

ይህን ስሰማ ያመኛል፤ ጥፋቱ የቃሉ ነው። ደም ብዛት የምንለው ግፊት ነው፣ ደሙ በሥሩ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ጫና። የደም መጠን አይደለም። አንድ ሰው ሁለቱም አንድ ላይ ሊኖሩበት ይችላል። አይረን ግፊት አይጨምርም።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ቁጥሬ ወረደ

በእርግዝና ውሃው እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ሴሎቹም ይጨምራሉ፣ ግን አይደርሱበትም። ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው። ከ33 በታች ሲሆን ደም ማነስ ይባላል። ከ21 በታች ከሆነ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ቁጥሩ ከ50 በላይ ሆነ

ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ትኩሳት ነበረባችሁ? ውሃ ጎድሎ ይሆናል፤ ፈሳሹን ተክታችሁ ድገሙት። ይህ ካልሆነ ሲጋራ፣ የቆየ የሳንባ ሕመም ወይም የመቅኔ ችግር ይታሰባል። ራስ ምታት፣ የፊት መቅላት፣ በሞቀ ውሃ ከታጠቡ በኋላ የሚመጣ ማሳከክ ካለ አትቆዩ፤ የወፈረ ደም ይረጋል።

«ደጋ ስለሆንክ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አያሳምነኝም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ከፍታ ቀይ ሴል እንደሚጨምር እውነት ነው። ግን በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞችን ሲለካ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን አማካይ 15.9 ነበር፤ የባሕር ዳርቻ ሰው ያህል ማለት ነው። የኛ ደገኛ ደም እንደ ደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች አይወፍርም። ስለዚህ 55 ወጥቶ «ደጋ ነው» ከተባላችሁ ምክንያቱ ይፈለግ።

ቁጥሩ ደህና ነው፤ ሰውዬው ግን ደህና አይደለም

አንዳንዴ ስህተቱ የኛ ነው። ጣት አብዝተን ከጨመቅን የሰውነት ውሃ ይቀላቀልና ቁጥሩ ይወርዳል። ክንድ ለረጅም ጊዜ ከታሰረ ከፍ ይላል። ቁጥሩ ከሁኔታችሁ ጋር ካልገጠመ «ይደገምልኝ» በሉ፤ ቅር የሚለው ባለሙያ አይኖርም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያስፈራኛል። ሰው ድንገት ሲደማ ሴሉም ውሃውም አብረው ይወጣሉ፤ ድርሻው ለሰዓታት ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል። ወልዳ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ቁጥሯ 38 ሊሆን ይችላል። ልብሷ ከራሰ፣ እጇ ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሿ ከፈጠነ ወረቀቱን ተዉትና ይዛችኋት ወደ ሆስፒታል ሩጡ።