የሥራ ሰዓትና ፍሬው፦ በወሎ ያለ የቴክኖሎጂ ባለሙያ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደሴና በኮምቦልቻ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ እንጀራውን የሚያበስለው ወጣት በዝቷል። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የወጣው አለ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ፕሮግራም መጻፍን የቀመሰው አለ። አንዱ የባንክ ኔትወርክ ይጠብቃል፣ ሌላው ለአዲስ አበባ ድርጅት ድረ ገጽ ይሠራል፣ ሦስተኛው አይቶት ለማያውቀው የውጭ ደንበኛ የሞባይል መተግበሪያ ይጽፋል። በችሎታቸው እኮራለሁ። ሰዓታቸውን የሚያባክኑበት መንገድ ግን ያሳዝነኛል። አእምሮ በሙሉ ጉልበቱ የሚያስብባቸው የቀኑ ሰዓታት ጥቂት ናቸው፤ ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች በሙሉ እነዚያን ጥቂት ሰዓታት የሚበሉ ናቸው።

ብዙ መቀመጥን ብዙ መሥራት አድርጎ መቁጠር

«እሱማ ጎበዝ ነው፤ እስከ እኩለ ሌሊት መብራቱ አይጠፋም» የሚል ሙገሳ በየቢሮው ይሰማል። ሙገሳው ከልብ ነው፤ ሚዛኑ ግን የተሳሳተ ነው። የስታንፎርዱ የኢኮኖሚ ተመራማሪ ጆን ፔንካቬል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በብሪታኒያ የጥይት ፋብሪካዎች የሠሩ ሰዎችን፣ በተለይም የሴቶችን መዝገብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ጥናት አለ። በሳምንት ከ49 ሰዓት በታች ሲሠራ ምርቱ ከሰዓቱ ጋር አብሮ ያድጋል። ከዚያ ሲያልፍ የእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰዓት ፍሬ እየሳሳ ይሄዳል፤ 70 ሰዓት የሠራ ሰው ያመረተው 56 ሰዓት ከሠራው ብዙም አይበልጥም ነበር። አሥራ አራቱ ሰዓት እንዲሁ ቀልጦ ቀርቷል ማለት ነው።

ያ ጥናት የሚናገረው ስለ ጥይት ነው፤ ጥይት ይቆጠራል። በፕሮግራም ሥራ ጉዳቱ ይብሳል እላለሁ። የደከመ ሰው የጻፈው ኮድ ጥቅም በማጣት ብቻ አያበቃም፤ በማግስቱ ስህተቱን ፈልጎ ለማግኘት የሌላ ሰው ቀን ይወስዳል። አንድ ሌሊት የተጻፈ ሠላሳ መስመር ሦስት ሰዎችን ለሁለት ቀን ሲያስር ማየት ብርቅ አይደለም።

ጤናውም አለ። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ጥናት መሠረት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ አደጋን በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር ሕመም የመሞትን አደጋ ደግሞ በ17 በመቶ ከፍ ያደርጋል። የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ የሽማግሌ ወሬ ይመስለዋል።

ሰዓት ልክ ካልሆነ የኮድ መስመር እንቁጠር የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 የአፕል ኩባንያ ኃላፊዎች መሐንዲሶቹ በየሳምንቱ ስንት መስመር እንደጻፉ ቅጽ ላይ እንዲሞሉ ጠይቀው ነበር። ከመሐንዲሶቹ አንዱ የሆነው ቢል አትኪንሰን በዚያ ሳምንት አንዱን የፕሮግራም ክፍል እንደገና ሠርቶ ፍጥነቱን በብዙ እጥፍ ጨምሯል፤ በዚሁ መካከል ወደ 2,000 የሚጠጋ መስመር ጠፍቷል። ቅጹ ላይ «−2,000» ብሎ ጻፈ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቅጹን መሙላቱን እንዲተው ተደረገ። የዚያ ሳምንት ሥራው ከሁሉም የበለጠ ነበር፤ ቅጹ ግን ሊያየው አልቻለም።

እኔ የምመክረው ልክ ቀላል ነው። ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ ዛሬ የሚያልቀውን አንድ ነገር በወረቀት ይጻፉ። «በምዝገባው ላይ መሥራት» ብለው አይጻፉ፤ «ተማሪው ስልክ ቁጥሩን ሲሳሳት መልእክት እንዲደርሰው ማድረግ» ብለው ይጻፉ። ማታ ያለቀና ያላለቀ ብቻ ይታያል፤ ስንት ሰዓት እንደተቀመጡ መጠየቁም ይቀራል።

ለውጭ ደንበኛ ሲባል ሌሊቱን በሙሉ መስጠት

ይህ በእኛ አካባቢ በጣም የተለመደው ነው። ልጁ የአሜሪካ ደንበኛ ያገኛል፤ ወዲያው ቀኑን ወደ ሌሊት፣ ሌሊቱን ወደ ቀን ይገለብጣል። ስሌቱን ቁጭ ብሎ የሠራው ግን ጥቂት ነው።

ኒውዮርክ በበጋቸው ከእኛ በ7 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ስለዚህ የኒውዮርክ ሰው በጠዋት 9:00 ላይ ቢሮ ሲገባ ደሴ ላይ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ ምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ድረስ ሦስት ሰዓት አብራችሁ ትሆናላችሁ። ለስብሰባ፣ ለጥያቄና ለርክክብ ሦስት ሰዓት ይበቃል። ኮዱን የሚጽፉት ደንበኛው ተኝቶ እርስዎን በማይጠራበት የእርስዎ ጠዋት ላይ ነው፤ ይህ እንዲያውም ትልቅ ጸጋ ነው። ለንደን የበለጠ ትቀርባለች፤ ልዩነቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ብቻ ነው። የሚከብደው ሳንፍራንሲስኮ ነው፤ በዚያ 9:00 ሲሆን እዚህ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ይሆናል። እሱም ቢሆን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መቀጠልን የግድ አያደርግም።

ከሥራው በፊት ይህን ለደንበኛው በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። «በእነዚህ ሰዓታት ወዲያው እመልሳለሁ፤ ከዚያ ውጭ የመጣውን በማግስቱ» የሚል ሰው ሥራ ያጣል ብለው የሚፈሩ አሉ። ቁም ነገረኛ ደንበኛ የሚፈልገው ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ሰዓቱን ያሳወቀ ሰው ደግሞ ቃሉን ለመጠበቅ ይቀለዋል።

እንቅልፍን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ዊልያምሰንና ፌየር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት ከ17 እስከ 19 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው በአንዳንድ የቅልጥፍና ፈተናዎች ላይ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው የተሻለ ውጤት እንደማያመጣ አሳይተዋል። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ሰው 17 ሰዓቱ የሚሞላው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የደንበኛን የክፍያ ሥርዓት የሚነካካ ባለሙያ በምን ሁኔታ ላይ ሆኖ እንደሚነካካው ያስብ። ከሰዓት በኋላ ጫት ይዞ ሌሊቱን መዝለቅ የለመደም አለ። ጫቱ እንቅልፉን ያዘገየዋል፤ ድካሙን አያነሳውም፤ የማግስቱን ጠዋት ደግሞ ጨርሶ ይወስደዋል። የጠፋው የቀኑ ምርጥ ሰዓት ነው።

ሰዓትና ቀንን በእኛ አቆጣጠር ብቻ ማሰብ

«ስብሰባው 3 ሰዓት ነው» ሲባል የእኛ ሰው ጠዋት ይመጣል፤ ደንበኛው ከሰዓት በኋላ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ቢያጋጥም ይቅርታ ያስገኛል፤ ሁለተኛው ግን እምነት ያሳጣል። ቀጠሮን በጽሑፍ በ24 ሰዓት አቆጣጠርና ከከተማ ስም ጋር ያስቀምጡ፦ «17:00 በአዲስ አበባ» ብለው። የኮምፒውተሩን የሰዓት ቀጠናም ይመልከቱ፤ በዊንዶውስ ዝርዝር ላይ የእኛ ሰዓት በናይሮቢ ስም ነው የሚገኘው። እኛ ሰዓታችንን አንቀያይርም። አሜሪካ በፈረንጆቹ ማርችና ኖቬምበር፣ አውሮፓ ደግሞ በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ ላይ ይቀያይራሉ። በእነዚያ ሳምንታት ቀጠሮን ደግሞ ማረጋገጥ ይገባል። የርክክብ ቀንም እንዲሁ ነው፤ «30/6» ተብሎ የተጻፈው ለአንዱ የካቲት 30፣ ለሌላው ጁን 30 ነው። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

መብራት ሲጠፋ ቁጭ ብሎ መጠበቅ፣ ሲመጣ በሌሊት ማካካስ

መብራትና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቀኑ ሁሉ እንደተቋረጠ አድርጎ መቁጠር ልማድ ሆኗል። ሥራውን አስቀድሞ ለሁለት መክፈል ይቻላል፦ ኔትወርክ የግድ የሚፈልገው በአንድ በኩል፣ የማይፈልገው በሌላ በኩል። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ጊት የተባለ የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ የኮዱን ሙሉ ታሪክ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ስለሚይዝ፣ ለውጥን ለመመዝገብም ሆነ የቀድሞውን ለማየት ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ኔትወርኩ ሲመለስ ይላካል። የሚያስፈልጉ የሶፍትዌር ጥቅሎችንና የማጣቀሻ ሰነዶችን ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ማውረድ፣ ባትሪን ሁልጊዜ መሙላት፣ ሥራን በትንንሽ ክፍል እያስቀመጡ መሄድ ነው ቀሪው። የሌላ ሰው ኮድ ማንበብ፣ ንድፍ በወረቀት ማውጣት፣ ለደንበኛው የሚላከውን ማብራሪያ ማርቀቅ መብራት ለጠፋበት ሰዓት የሚሆኑ ሥራዎች ናቸው።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ የተማርነው ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ደንበኛ መቋረጥን ይታገሳል፤ ሰው ዝም ብሎ ሲጠፋበት ግን አይታገስም። ከእርስዎ ድምፅ ሲጠፋ በማን በኩል እንደሚሰማ፣ ያለቀው ሥራ የት እንደሚገኝ ገና ሥራው ሲጀመር ይስማሙ።

ቡናውን ትቶ ቴሌግራሙን ክፍት መተው

ጊዜ ለመቆጠብ ብለው ከጎረቤት ቡና የቀሩ ወጣቶች አውቃለሁ። በምትኩ ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፦ የሥራ ቡድኑ፣ የክፍል ጓደኞች ቡድን፣ የኳስ ቡድኑ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አርቫይን ያስተማረችው ግሎሪያ ማርክ ሰዎችን በሥራ ቦታቸው ተከታትላ እንዳየችው፣ የተቋረጠ ሰው ወደ ቀድሞው ሥራው ለመመለስ በአማካይ 23 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። በአንድ ጠዋት አምስት መልእክት ከተከፈተ ጠዋቱ አልቋል።

ቡናው እኮ ጅማሬም መጨረሻም አለው። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ተጠጥቶ፣ ዱዓው ተደርጎ ይነሳል። ጀርባ ያርፋል፣ ዓይን ከማያው ይለያል፣ የጠዋቱ ችግር ሳያስቡት መፍትሔው ብቅ የሚልበትም ጊዜ አለ። ቡናውን አይተዉ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል ስልኩን ሌላ ክፍል ያስቀምጡት፤ የቡድን መልእክት ቀን 6 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ይታይ። አስቸኳይ የሆነበት ሰው ይደውላል።

ለቤተሰብ የሥራ ሰዓትን አለመንገር

ቤት ውስጥ የሚሠራ ልጅ ለእናቱ ሥራ ፈት ይመስላል። «ልጄ፣ እስቲ ወፍጮ ቤት ደርሰህ ና» ትላለች፤ ጥፋት የለባትም፣ ማንም አልነገራትም። አንዳንዱ ይቆጣል፤ አንዳንዱ እሺ ብሎ ይሄድና ሌሊቱን ይከፍላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። «እማዬ፣ እስከ ምሳ ድረስ ቢሮ እንደሄድኩ ቁጠሪኝ፤ ከምሳ በኋላ ያልሽኝን ሁሉ እሠራለሁ» ብሎ መናገርና ቃልን መጠበቅ ነው። ከምሳ በኋላ በእውነት ከታዘዙላት በሦስተኛው ሳምንት በሩን የምትጠብቅልዎ እሷው ናት።

ቅሬው (ዕድሩ) ሲጠራ ግን ይሄዳሉ። ለቅሶ በፕሮግራም አይመጣም፤ ስለዚህ ለደንበኛ የሚሰጥ ቀጠሮ ውስጥ እንዲህ ላለው ቀን ቦታ መተው ያስፈልጋል። አምስት ቀን የሚፈጀውን ሥራ በአምስት ቀን እጨርሳለሁ የሚል ሰው ወሎ ውስጥ መኖሩን ረስቷል። ሰባት ይበል።

የዘገየ ሥራ ላይ ሰው መጨመር

ይህ ለአለቆች ነው። ፍሬድ ብሩክስ በአይቢኤም ኩባንያ የሲስተም 360 ኮምፒውተሮችን የኦፕሬቲንግ ሲስተም ሥራ ከመራ በኋላ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው እ.ኤ.አ. በ1975 ጽፏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አዲስ የመጣውን የሚያስተምሩት ያው ሥራውን የሚያውቁት ናቸው፤ የሚነጋገረው ሰው ሲበዛም መግባባቱ ሰዓት ይበላል። ለምሳሌ የተማሪዎች ምዝገባ መስከረም ላይ ሊጀመር ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሦስት አዲስ ተመራቂ መቅጠር የምዝገባ ሥርዓቱን አያደርሰውም። መስከረም ላይ የግድ የሚያስፈልገውን ለይቶ ሌላውን ለጥቅምት ማስተላለፍ ያደርሰዋል።

በዚሁ ላይ፦ ዓርብ ቀትር ላይ ስብሰባ አይጥሩ። በረመዳን ከባዱን ሥራ ጠዋት ላይ ያድርጉት፤ ከአስር ሶላት በኋላ ያለውን ሰዓት ቀላል ይተዉት። በዐቢይ ጾም እስከ ቅዳሴ መውጫ የሚጾሙትንም እንዲሁ። በአንድ ጠረጴዛ ሁለቱም የሚቀመጡበት አገር ላይ ይህን ያላወቀ አለቃ ሰዎቹን አያውቃቸውም።

ሕጉን ሳያውቁ መፈረም

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ የሚፈቀደውም እንደ አደጋና አስቸኳይ ሥራ ባሉ በሕጉ በተዘረዘሩ ምክንያቶች ነው። ክፍያው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የመደበኛው አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ፤ በሥራ መሪነት የተቀጠሩትንም ይህ አዋጅ አይመለከትም። «የሥራ መሪ» የሚል ማዕረግ ተሰጥቶት ደስ ብሎት የሚፈርም ወጣት ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

«ቻይናዎች እኮ ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 3፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሠርተው ነው ያደጉት» የሚል አለቃ ካጋጠመዎ፣ የቻይና ጠቅላይ የሕዝብ ፍርድ ቤት ይህንኑ አሠራር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ሕገ ወጥ መሆኑን እንዳስታወቀ ይንገሩት። በግልዎ ለውጭ ደንበኛ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ አዋጁ ለእርስዎ አልተጻፈም። የሥራ ሰዓቱ፣ የአስቸኳይ ጥሪ ክፍያውና የዕረፍት ቀኑ ውሉ ላይ ካልሰፈረ ሌላ የሚጠይቁበት ቦታ ስለሌለ፣ ሦስቱን ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት በጽሑፍ ያስገቡ።