ፎቶዋ አለ፣ ስሟ የለም፦ ሴቶችን በጂኦተርማል ሥራ ስንደግፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በጂኦተርማል፣ ማለትም ከምድር ውስጥ ሙቀት ኃይል ለማመንጨት በሚቆፈር ጉድጓድ ላይ፣ የቁፋሮው ማሽን አልቆመም። ከ1,500 ሜትር ጥልቀት የወጣ የድንጋይ ፍርፋሪ ታጥቦ ማይክሮስኮፕ ስር ገብቷል። የተረኛዋ ጂኦሎጂስት ዐይን አንዲት አረንጓዴ ቅንጣት ላይ ያርፋል። ኤፒዶት የተባለች ማዕድን ናት። ኤፒዶት ብዙውን ጊዜ የሚፈጠረው ሙቀቱ 240 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ነው። ጉድጓዱን የሚያለብሰው የብረት ቱቦ እስከየት ይውረድ የሚለው ውሳኔም በእንዲህ ዓይነት ምልክቶች ላይ ይመሠረታል። መዝገቡ ላይ ሰዓቱንና ጥልቀቱን ጨምራ ትጽፈዋለች።

ከወራት በኋላ ሪፖርቱ ይወጣል። ሽፋኑ ላይ እሷ ሄልሜት አድርጋ ፈገግ ብላለች። የአዘጋጆቹ ዝርዝር ውስጥ ግን ስሟ የለም።

ይህን የሚያደርጉት አብዛኞቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። እንዲያውም ሴቶችን እንደግፋለን ብለው ከልባቸው የሚያምኑ ናቸው። ለዚህ ነው ስህተቶቹን አንድ በአንድ ማየት የሚያስፈልገው።

ፎቶ ማንሳትን እንደ ዕውቅና መቁጠር

ፎቶው መጥፎ አይደለም። ችግሩ ከሥሩ የሚጻፈው ነው፤ "ሴት ባለሙያ በሥራ ላይ" ተብሎ ይታለፋል። ስሟን ጻፉ። የሥራ ድርሻዋን ጻፉ። ሪፖርት ወይም ጥናት ሲጀመር የማን ስም እንደሚገባ ገና ከመጀመሪያው ተነጋገሩ፤ መጨረሻ ላይ ከሆነ ስሙ የሚቀረው የዝምተኛው ነው። እንግዳ ሊጎበኝ ሲመጣም ጉድጓዱን የቆፈረችው ራሷ ታስረዳ እንጂ አለቃዋ ስለ እሷ አያውራላት።

"ለእሷ ብለን ነው" እያሉ ከመስክ ማስቀረት

ከሁሉም ይበልጥ የሚጎዳው ይህ ይመስለኛል። ደግሞ በደግነት ነው የሚደረገው። "ለሊቱ ይከብዳታል"፣ "ልጅ አላት"፣ "ካምፑ ለሴት አይመችም" ይባላል። እሷን ግን ማንም አልጠየቃትም።

ቁፋሮ ቀንና ሌሊት የማይቆም ሥራ ነው። በጂኦተርማል ፕሮጀክት ውስጥ ትልቁ ወጪና ትልቁ ስጋትም እዚያ ነው ያለው። ወደታች የተላከው የቁፋሮ ጭቃ ድንገት ተመልሶ መውጣት ቢያቆም ምን ይደረግ? ችግር ሊሆን ይችላል። ውሃና እንፋሎት የሚያስተላልፍ ስንጥቅ ተገኘ የሚል ትልቅ የምሥራችም ሊሆን ይችላል። ይህን መለየት ቢሮ ተቀምጦ አይለመድም። በዚያ ሰዓት እዚያ የቆመ ነው የሚያውቀው፤ ነገ ቡድን መሪ የሚሆነውም እሱ ነው። ለአምስት ዓመት ቢሮ "የተጠበቀች" ሴት ዕድገት ሲመጣ "የመስክ ልምድ ይጎድላታል" ትባላለች። ያስቀሯት ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚሏት!

ካምፑ አይመችም ከተባለ ካምፑን አስተካክሉ። የሚቆለፍ በር፣ ለብቻ የሆነ መጸዳጃ ቤት፣ በመንገዱ ላይ መብራት። ነፍሰ ጡር ከሆነች ከባድ ነገር ማንሳትና ጋዝ ያለበት ቦታ በእርግጥ ያሳስባል። ስለዚህ ከእሷ ጋር ተማከሩ፣ ወደ ተራዋ የምትመለስበትንም ጊዜ በጽሑፍ ያዙ። አለዚያ "ለጊዜው" የተባለው ዘላለም ይሆናል።

የወንድ ልክ ቱታና ጓንት መስጠት

ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። ጓንቱ ሲሰፋ ቫልቭ በደንብ አይጨበጥም። የከፍታ ሥራ ቀበቶ ሲላላ ከወደቁ አይዝም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ ደግሞ አለ። መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲጨምር ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ፊቷ ላይ በደንብ የማይገጥም ጭንብል ምን ያደርግላታል? ዕቃ ሲታዘዝ ልኳን ጠይቁ። በቃ።

መድረክ ላይ ስለ ሴትነቷ ብቻ መጠየቅ

የጉድጓድ ሙከራ የሚሠራን ወንድ ስለ ቤቱ ማንም አይጠይቀውም፤ እሷን ግን "ቤትና ሥራ እንዴት አጣጣምሽ?" ይሏታል። የእንፋሎቱን ግፊት ጠይቋት። ሞዴሉ ለምን እንደተሳሳተ ጠይቋት። የሴቶች ጉዳይ ኮሚቴውንም ሁልጊዜ በእሷ ላይ አትጫኑ፤ ያ ሰዓት ከሙያዋ ላይ የሚቀነስ ነው።

"አይዞሽ" ብሎ መተው

ምክር ጥሩ ነው። ግን በር ተዘግቶ ሹመት ሲነገር ስሟን የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋታል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። አይስላንድ ውስጥ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጂኦተርማል ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ፕሮግራም አለ፤ ዋናው ሥልጠና ስድስት ወር ይፈጃል። ዕጩ የሚያቀርበው መሥሪያ ቤቱ ነው። እንግዲህ አለቃው ዝርዝሩን ሲያዘጋጅ "ልጅዋ ትንሽ ነው፣ አትሄድም" ብሎ በልቡ ከወሰነ ነገሩ እዚያው አለቀ። እሷ መታለፏን እንኳ ላትሰማ ትችላለች። ትሂድ አትሂድ የሚለውን እሷ ትወስን።

ወንዶችም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደሉም። በ2013 የተመሠረተው "ዊመን ኢን ጂኦተርማል" የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ወንዶችንም በአባልነት ይቀበላል። ልክ ነው፤ ዛሬ አብዛኛውን ሹመት የሚፈርመው ወንድ ነውና።

በጅምላ መቁጠር

"ከሠራተኞቻችን ይህን ያህሉ ሴቶች ናቸው" ይባላል። የት? ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ በ2019 ባወጣው ጥናት በታዳሽ ኃይል ዘርፍ የሴቶች ድርሻ 32 በመቶ ነበር። ከፈል አድርጎ ሲያየው ግን በአስተዳደር ሥራ 45 በመቶ፣ በሳይንስና በምህንድስና ሥራ ደግሞ 28 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ጥቅሉ ቁጥር ይህን ይሸፍነዋል።

እናንተም ለይታችሁ ቁጠሩ። በቁፋሮ ሽፍት ላይ ስንት ሴቶች አሉ? በጉድጓድ ሙከራ ላይስ? ባለፈው ዓመት ሪፖርቶች ላይ ስማቸው የሰፈረ ስንቶች ናቸው? የለቀቁትንም ቁጠሩ። ከዚያ ስልክ አንስታችሁ ለምን እንደሄዱ ጠይቋቸው።